ብሩ እዚያው ይደር፦ ስለ መተማና ቋራ ልማት

(ጎንደር ላይ ለወጣቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ነው የገለበጥኩት፣ አነጋገሩን ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የመተማ ሰሊጥ ያልነካው ቤተሰብ ያለው ሰው አለ? አጎቱ ኢንቨስተር የሆነ አለ፣ ወንድሙ ለአጨዳ ወርዶ የተመለሰ አለ፣ አባቱ በአይሱዙ ጆንያ እያመላለሰ ያሳደገው አለ፣ ሱቁ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ከርሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሰሊጥ ብር ሲገባ ብቻ ሞቅ የሚልለትም አለ። ይኼ ከተማ ውስጥ ስንቱ ፎቅ፣ ስንቱ ሆቴል፣ ስንቱ ሠርግ ከዚያ ቆላ በወጣ ብር እንደቆመ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመት በግብርና ሙያ እዚያው ስለሠራሁ ብሩ ከየት እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁትም ብሩ ለምን እዚያ እንደማያድር ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ጭልጋን አልፋችሁ ገንዳ ውኃ ትደርሳላችሁ፣ ሸኸዲ የምንለው ማለት ነው፣ ከዚያ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ገላባት ነው፣ ሱዳን። ከጎንደር ድንበሩ ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጠን ጋቢ ስንደርብ እነሱ ከ1,000 ሜትር በታች ሆነው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፍባቸዋል። በደቡብ በኩል ቋራ አለ፣ የአፄ ቴዎድሮስ አገር፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ምዕራብ አርማጭሆ የሚባለው ወረዳ። መሬቱ አብዛኛው ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ እግር የሚይዝ በጋ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። ይኼን ስንጥቅ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይኼ ነው። መንግሥት ያንን ድንበር ረስቶታል የሚል ሰው ብዙ እሰማለሁ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አልረሳውም፣ ደጋግሞ ሊያለማው ሄዷል፣ በየዘመኑ በየመንግሥቱ። ግን ሁልጊዜ ይዞ የሚሄደው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚህ መሬት ምን ይወጣል? ስንት ኩንታል፣ ስንት ዶላር፣ ስንት ቀረጥ? እዚህ መሬት ላይ ማን ይኖራል፣ ልጁን የት ያስተምራል፣ ሲያመው የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ባጀት ይተላለፋል። ስለዚህ ምርቱ ይወጣል፣ ብሩ ይወጣል፣ ሰውም ይወጣል፣ የሚቀረው የበይ ተመልካች ብቻ ነው።

ድሮም እኮ ባዶ ቦታ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ማለት በጎንደርና በሱዳን መካከል ትልቁ ገበያ ነበር። የጎንደር ነጋዴ፣ በተለይ እዚሁ ጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነጋዴዎቻችን፣ ቡናውን ሰሙን ማሩን በበቅሎና በአህያ ጭነው ይወርዱ ነበር፣ ከዚያ በኩል ደግሞ የጥጥ ጨርቅና ሌላ ሌላ ዕቃ ይመጣ ነበር፣ እውነቱን እናውራ ካልን ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ መጥተው የሰፈሩ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ነበሩበት፣ ጉሙዞች ከሁሉም በፊት ነበሩበት። ከዚያ መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ እዚያው ወደቁ፣ ከተማውም ስማቸውን ይዞ ቀረ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. 1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዞች የድንበር ውል ተፈራረሙ፣ በማግሥቱ ዓመት ሜጀር ግዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን መስመሩን መሬት ላይ አሰመረ። ከዚያ ወዲህ መተማ በመንግሥት ዓይን ኬላ ሆነ፣ ወታደርና ቀረጥ ሰብሳቢ የሚቀመጥበት ቦታ። ገበያነቱ ግን አልጠፋም፣ መንግሥት ገበያነቱን የሚያስታውሰው ኮንትሮባንድ ሲይዝ ብቻ ሆነ እንጂ።

እርሻው የተጀመረው ሰሜን በኩል ነው፣ ሰቲት ሁመራ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከአስመራም ከአዲስ አበባም ከጎንደርም ገንዘብ ያለው ሰው ትራክተር ይዞ ወረደ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የዓለም ባንክ ብድር ሰጠበት፣ መንገድና መጋዘን የሚል ፕሮጀክት መጣ። በየዓመቱ ከደጋ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ይወርድ ነበር። ከዚያ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ሲባል ትልልቆቹ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ፣ ብዙም ሳይቆይ ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ የሚባል ቡድን ሁመራንም መተማንም ያዘ፣ ጦርነት ገባበት፣ ትራክተሩ ባለበት ዛገ። አስተውሉ፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ያ ሁሉ ሀብት ሲመረት እዚያ የከረመ፣ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው ጥቂት ስለነበር ነገሩ ሲፈርስ ለመጠበቅ የቆመ ሰው አልነበረም። ባለሀብቱ መኪናውን አስነስቶ ወጣ፣ ሠራተኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ወጣ።

ከድንበሩ ማዶ ያለውን ደግሞ እዩ። ገዳሪፍ ላይ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. 1944 አካባቢ ገደምበሊያ በሚባል ቦታ በትራክተር ማሽላ ማረስ ጀመሩ፣ ምክንያቱ ምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ጦራቸውን ለመቀለብ ነው። ከነጻነት በኋላ የሱዳን መንግሥት ይኼኑ አሰፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ለሜካናይዝድ እርሻ ብቻ ኮርፖሬሽን አቋቋመ፣ የዓለም ባንክም ገባበት። መሬቱ በትልልቅ ቁራጭ ለነጋዴ፣ ለጡረተኛ መኮንን፣ ለባለሥልጣን ተሰጠ። እነሱ ካርቱምና ገዳሪፍ ከተማ ቁጭ ብለው በወኪል ያርሱ ነበር። ግራሩ ተመነጠረ፣ አፈሩ ሲደክም መሬቱን ትቶ ሌላ መመንጠር፣ ያም ሲደክም ሌላ። የከብት አርቢው መንገድ ተዘጋ፣ ጠብ መጣ። ምርት በሄክታር እየወረደ ሄደ። ይኼን የማወራው ሱዳኖችን ለመተቸት አይደለም፣ እኛ ዛሬ መተማና ቋራ ላይ የምናደርገው እነሱ ያለፉበትን መንገድ ስለሆነ ነው፣ ያውም ቆመን እያየነው፣ ከመተማ ሆነህ በዓይንህ የሚታይ ሜዳ ነው እኮ።

አሁን ወደ ሰፈራው ልምጣ፣ ይኼ ጉዳይ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ነው። የ77ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ ከትግራይ ከሸዋ 600,000 ገደማ ሰው ወደ ምዕራብ አሰፈረ፣ ለኛ ቅርብ የሆነው መተከል ነው፣ ፓዊ፣ ጣና በለስ የተባለው። በግድ የተወሰደ፣ ከቤተሰብ የተነጠለ፣ በወባ ያለቀ ሰው ታሪክ እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ታውቁታላችሁ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የሰፈራ ፕሮግራም መጣ፣ በአራት ክልሎች በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራ፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሰው የሚል ዕቅድ ነበር። ይኼኛው በፈቃደኝነት፣ በክልል ውስጥ፣ የድሮ መሬትህ ለሦስት ዓመት ይጠበቅልሃል፣ እዚያ እስከ 2 ሄክታር ታገኛለህ፣ እስክታመርት ድረስ የስምንት ወር ቀለብ አለህ፣ ጤናና ትምህርት ቤት ይጠብቅሃል ተብሎ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ከተመረጡት ቦታዎች ዋናዎቹ መተማና ቋራ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ከደርጉ በጣም የተሻለ ነው፣ ይኼን መካድ አይገባም።

መሬት ላይ ግን ምን ሆነ? ሰው ቀድሞ ደረሰ፣ ውሃው ኋላ። ሰው ቀድሞ ደረሰ፣ ጤና ኬላው ኋላ። ከደጋ የመጣ ሰው ወባ ለምዶ አያውቅም፣ ሰውነቱ አይችለውም፣ የመጀመሪያው መስከረም ላይ ቤቱ በሙሉ ተኝቶ የሚያነሳው ሰው ያጣ አባወራ ነበር። ጨክኖ የቆየው ግን ቆየ፣ ዛሬ አንዳንዱ ሰፋሪ ሰሊጥ ሸጦ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ልኳል፣ እኔ በስም የማውቃቸው አሉ። ታዲያ የኔ ጥያቄ፣ ስንቱ በሁለተኛው ዓመት ወደ ደጋ ተመለሰ፣ ለምን ተመለሰ ብሎ ቁጭ ብሎ ያጠና የወረዳ ጽሕፈት ቤት የቱ ነው? ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የሰፈረው እንጂ የከረመው አይደለም።

ጉሙዞችን ደግሞ ማን ጠየቃቸው? መሬቱ ላይ በእሳትና በዶማ እያፈራረቁ ሲያርሱ፣ ሲያድኑ፣ ማር ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለካርታ አንሺው ያ የሚያርፍ መሬት ባዶ መሬት ነው የመሰለው። ባዶ አይደለም፣ ያረፈ ነው። ሰፋሪው ሲመጣ ኢንቨስተሩ ሲመጣ ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ ሄዱ። ድንበር ላይ መጀመሪያ የነበረውን ሰው ገፍተህ ልማት ብትል ያ ልማት ጠብ ነው የሚወልደው፣ ወልዷልም።

እስቲ አንድ የአጨዳ ቀን ላሳያችሁ፣ ያልወረዳችሁ ስላላችሁ። ሰሊጥ እንደ ስንዴ አይጠብቅም። ከሥር ያለው ፍሬ ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ፣ አናቱ ላይ ያለው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ማጨድ አለብህ። አንድ ሳምንት ካሳለፍከው ፍሬው አፉን ይከፍትና ንፋስ በነካው ቁጥር መሬት ላይ ይዘራዋል፣ ከዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ሰሊጥ የሚለቅም የለም። ስለዚህ ሁሉም እርሻ ባንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ሁሉም ባለእርሻ ባንድ ጊዜ ሠራተኛ ይፈልጋል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ገንዳ ውኃ ሄዳችሁ ብታዩ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ማለቂያ የለውም፣ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሌላም። ጠዋት የተነገረው ዋጋ ማታ አይደገምም፣ ሰሊጡ ሲደርስ ይወጣል፣ ትንሽ ዝናብ ጣል ካደረገ ይወርዳል፣ ድርድሩ ጩኸት ነው። ከዚያ በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ይገባል። ያጨደውን በነዶ በነዶ አስሮ ቀጥ አድርጎ እያስደገፈ ያቆማል፣ ሂላ ይሉታል፣ እዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፣ ከዚያ ሸራ ዘርግቶ ነዶውን ገልብጦ ማራገፍ ነው፣ ዝናብ የመሰለ ድምፅ አለው ሲወርድ። ማታ የሚተኛው የት ነው? እዚያው፣ ከግራሩ ሥር፣ ስንጥቁ አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ አጎበር።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ስንጥቅ አሁን መጣ። ካላዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚኖረው እዚያ የዋልካ ስንጥቅ ውስጥና የግራሩ አካባቢ ነው። ሠራተኛው ይነከሳል፣ ወዲያው አያመውም፣ ደሞዙን ይዞ ደጋ አገሩ ይገባል፣ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ወባ ነው ታይፎይድ ነው እያለ ይመላልሰዋል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፣ ካላዛር ታይቶበት በማያውቅ ደጋ ወረርሽኝ ተነሳ፣ መታወቁ እስኪዘገይ ድረስ ብዙ ሰው ሞተ። ከቆላ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ገብተው ይሆናል የሚለው ነው ባለሙያዎቹ የደረሱበት። ሁመራ ላይም እኮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ትልልቆቹ እርሻዎች ሲከፈቱ ልክ እንደዚሁ ነበር የሠራተኛው በሽታ። ሕክምናው 17 ቀን መርፌ ነው፣ በየቀኑ፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ሕመሙን የወሰደው ያውቀዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካላዛር የሚታከምበት ክፍል ገብታችሁ ብትጠይቁ በብዛት የሚተኛው ወጣት ወንድ ነው፣ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ።

ይኼን ስል አንድ የሚያኮራን ነገር ትዝ ይለኛል። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። መንግሥት ያኔ ምን አደረገ? በማግሥቱ ዓመት እዚህ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እናት። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ባንድ ላይ በቡድን አሠልጥኖ ገጠር ይልክ ነበር፣ አንድ ላይ ተምረው አንድ ላይ እዚያው ይከርማሉ። ለኔ የመንግሥት ልማት ማለት ይኼ ነው። መጀመሪያ በሽታውን፣ መጀመሪያ ሰውየውን። እንችላለን፣ ከዚሁ ከተማ ተነስተን አድርገነዋል።

መንገዱንና መብራቱን ላንሳ። የአዘዞ መተማ መንገድ አስፋልት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ድሮ ክረምት ላይ ዋልካው መኪና ሲውጥ ያየ ሰው ያመሰግናል። ከሱዳን ቤንዚን የገባው፣ ከፖርት ሱዳን ዕቃ የመጣው በዚሁ ነው። ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. 2012 አካባቢ ሥራ ጀመረ፣ ለሱዳን መብራት እንሸጣለን፣ ዶላር ይመጣል፣ ደስ ይላል። ግን ከመስመሩ ሥር ያለ መንደር ሄዳችሁ ማታ ብትቆሙ ሽቦው ከላይ እያለፈ ቤቱ በባትሪና በኩራዝ ነው። ሐኪሙ በእጅ ባትሪ እያበራ ሲሠራ፣ አዋላጇ ስልኳን አፏ ላይ ይዛ እያበራች ስትሠራ አይቻለሁ። ከፍተኛ መስመር ዝቅ አድርጎ ለመንደር ለማዳረስ ሰብስቴሽንና ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ ቴክኒኩ አልጠፋኝም፣ የኔ ጉዳይ ቅደም ተከተሉ ነው። ገዳሪፍ ከመንደሩ ቀደመ።

ሰሊጡ ራሱ እንዴት ነው የሚሸጠው? ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርት ገበያ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሰሊጥ ገባበት፣ ነጩ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ የሚባል የራሱ ደረጃ አለው፣ ዓለም ላይ የታወቀ ነው። ለብዙ ዓመት ከቡና ቀጥሎ ዶላር ከሚያመጡልን ሰብሎች ዋናው እሱ ነበር። ለዓመታት ዋናዋ ገዢ ቻይና ነበረች፣ እስራኤልና ቱርክም ይወስዳሉ፣ ጣሂና ያደርጉታል፣ ሃላዋ ያደርጉታል። እኛ ደግሞ ጥሬውን በጆንያ ልከን የፓልም ዘይት በጀሪካን እንገዛለን። ይኼ ነገር ለኔ በፍጹም አይዋጥልኝም። የምርት ገበያው ጥሩ ጎን አለው፣ ሚዛንና ደረጃ አስተካክሏል፣ ክፍያ አፋጥኗል። ነገር ግን 2 ሄክታር ያለው ሰፋሪ እዚያ ገበያ አይደርስም። እሱ ሐምሌ ላይ ለአረም የሚከፍለው ብር ስለሌለው ገና በቡቃያው ለነጋዴ ሸጦታል፣ ወይ አራጣ ተበድሯል፣ ጥቅምት ሲመጣ ሰሊጡ የሱ አይደለም። ባንኩ ለባለትራክተሩ ያበድራል፣ ለዚህኛው መያዣ የለህም ይለዋል። መሬቱ እያለው እኮ ነው መያዣ የለህም የሚባለው።

ስለ ደኑም ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። መተማና ቋራ የዕጣን አገር ነው፣ ዋልያ መቀር የሚባለው ዛፍ። ዘመኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የምታጨሰው፣ እናቶቻችን ቡና ላይ የሚያጤሱት ከዚያ ነው የሚመጣው። ከጥቅምት ጀምሮ በጋውን ሙሉ ግንዱን መንገፍ በሚባል መላጫ ትንሽ ትንሽ እየላጡ ሙጫውን ይለቅማሉ። ለሰሊጥ ሲባል ይኼ ዛፍ እየተመነጠረ ነው፣ የቀረው ደግሞ ያለ ዕረፍት እየተላጠ፣ ከብት ችግኙን እየበላው፣ እሳት እየነካው ወጣት ዛፍ የለውም፣ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ብቻ ናቸው የቆሙት። ቋራ ውስጥ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከለለ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን፣ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ። ከሰሃራ የሚወርደውን ድርቀት የሚያግድልን እሱ ነው፣ እሱ ከተመነጠረ በረሃው የሚመጣው ወደ ጭልጋና ወደ ደምቢያ ነው።

አንድ የሩቅ አገር ነገር ልጥቀስና ልለፍ። ራሽያ በሩቅ ምሥራቅ በኩል፣ ከቻይናና ከፓስፊክ ጋር የምትዋሰንበት ሰፊ ግዛት አላት። ሶቪየት ሲፈርስ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበረበት፣ ከዚያ እየወጣ እየወጣ ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። መንግሥት ደነገጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚያ ግዛት ብቻ ሚኒስቴር አቋቋመ፣ ከ2016 ጀምሮ ለሚፈልግ ዜጋ አንድ አንድ ሄክታር በነጻ እሰጣለሁ አለ። ነዳጁና ጋዙ እየወጣ ነበር፣ ወደቡም እየተሠራ ነበር፣ የጎደለው ሰው ነው። መሬት በነጻ ስለተሰጠ ብቻ ሰው ተነስቶ አይሄድም፣ ትምህርት ቤቱን ሐኪሙን ሥራውን አይቶ ነው። ያቺ ግዙፍ አገር የቸገራት ነገር ነው መተማ ላይም ያለው።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው። ኅዳር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር አልፋሽቃ በሚባለው አወዛጋቢ የድንበር መሬት ላይ ሲገባ ለዓመታት ያረሱ ገበሬዎቻችን ያጨዱትን ሳያነሱ ወጡ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በዚያችው ድልድይ ስደተኛው ጎረፈ፣ ኩመርና አውላላ መጠለያ ተከፈተ፣ የራሱ ውሃ ያልበቃው ሕዝብ ነው የተቀበላቸው። አሁን ደግሞ መንገዱ ላይ እገታ አለ፣ ሾፌር ይታገታል፣ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ይታገታል፣ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ ያስለቅቃል። ይኼ ሁሉ ባለበት ስለ ልማት ታወራለህ ወይ የሚለኝ ሰው አለ። አዎ አወራለሁ። ድንበርን ወታደር ብቻውን አይጠብቀውም፣ ቤቱ እዚያ የሆነ፣ የሚያጣው ነገር እዚያ ያለው ሰው ነው የሚጠብቀው፣ ሁመራ ላይ በኛ አቆጣጠር በ60ዎቹ መጨረሻ፣ ያ እርሻ ሲፈርስ ያየነው ይኼንኑ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የምለው መሬት ለኢንቨስተር ሲከራይ ውሉ ውስጥ የሠራተኛ መኝታ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አጎበርና የሕክምና ክፍያ ይግባ፣ ያላሟላ ሰው ውሉ አይታደስለት፣ ተቆጣጣሪውም ጥቅምት ላይ ይውረድ እንጂ ሰኔ ላይ ወርዶ ባዶ ሜዳ አይቶ አይመለስ። ሠራተኛው ሲመለስ ሸኸዲ ላይ የካላዛር ምርመራ ይደረግለት፣ ጣት ወግቶ በደቂቃ የሚያሳይ ምርመራ አለ። የሰሊጥ ቀረጥና የመሬት ኪራይ ገቢው በዓይን የሚታይ ድርሻ እዚያው ወረዳ ይቅር፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ብቻ። ለሰፋሪውና ለጉሙዙ የመሬት ደብተር ይሰጥ፣ ባንኩም በደብተሩ ለአረም የሚሆን ትንሽ ብድር ይልቀቅ። የሰሊጥ መፈልፈያውና የዘይት መጭመቂያው ደግሞ ሸኸዲ ላይ ይተከል፣ ሽቦው ከላዩ እያለፈ መብራት የለም ማለት አይቻልም። የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ይኼ እናንተን ነው፣ ቆላ ሲመደብ ቅጣት ነው ብሎ ማሰቡን መንግሥት ራሱ ነው ያስተማረው፣ ምክንያቱም ጥፋት ያጠፋውን ነው ወደዚያ የሚልከው። በረሃ አበሉን አሻሽሎ ጥሩውን ሰው ይላክ፣ ሁለት ዓመት የከረመ መምህር የትምህርት ዕድል ቀድሞ ያግኝ።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ነበር፣ አንዱን ብቻ እዚህ ላስገባ። አንድ ወጣት ተነስቶ "ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ግዴታ ብትጭንበት ኢንቨስተሩ ጥሎ ይሄድ የለም ወይ፣ ዶላሩስ ከየት ይመጣል?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ ልጄ፣ ሰሊጥ ዛሬም በማጭድ ነው የሚታጨደው፣ ፍሬው አፉን ስለሚከፍት ማሽኑ እኛ ጋ አልሠራም፣ ስለዚህ የዚያ እርሻ ዋናው መሣሪያ ሰው ነው። ሠራተኛው ሲታመምና ሲታገት ወሬው ደጋ ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰው ይቀንሳል፣ ዋጋ ይሰቀላል፣ ሰሊጡ ሜዳ ላይ ይረግፋል፣ ያኔ የሚከስረው ማን ነው? አጎበርና ጉድጓድ ውሃ አንድ ሂላ ሰሊጥ ከመርገፉ ይረክሳል። ቆጥረው የሚያውቁ ኢንቨስተሮች አሉ፣ ከነሱ አንዱ ለሠራተኞቹ ዳስ ሠርቶ ውሃ በቦቴ ያመላልሳል፣ አጨዳ ሲደርስ መንገድ ዳር ወርዶ አይለምንም፣ ያምና ሠራተኞቹ ራሳቸው ደውለው መቼ እንምጣ ይሉታል።